ንጹሑ ቅጂ

ትርሲት ጠዋት ጠዋት ሥራ የምትገባው የወፍጮው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነበር። ግቢው አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ይገኛል፤ ፊት ለፊቱ ወፍጮ ቤት ነው፣ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች ደግሞ እሷ የምትሠራበት ድርጅት ተከራይቷቸዋል። መስኮቶቹ ለፀሐይና ለአቧራ ሲባል በካርቶን ስለተሸፈኑ ውስጡ በቀትርም ጨለም ያለ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የኮምፒውተሩ ቁልፎች መሃል ሳይቀር ስስ ዱቄት ያድራል፤ አየሩ የበቆሎ ዱቄትና የብየዳ ጭስ ይሸታል። ያን ዱቄት በመዳፏ ጠርጋ፣ ወንበሯን ስባ፣ ማሽኗን ከፍታ የምትቀመጥባትን ጸጥ ያለች ሰዓት ከቀኑ ሁሉ አብልጣ ትወዳታለች። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ወለሉ ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ አይሰማም።

ድርጅቱ የሚሠራው የሕፃን ጠባቂ ነው። መዳፍ የሚያህል ነጭ ሣጥን፣ ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ የሚቀመጥ፣ ትንፋሽ የሚያዳምጥ። ሕፃኑ አየር ሲስብ አረንጓዴ መብራቱ ይደምቃል፣ ሲያስወጣ ይደበዝዛል፤ ትንፋሹ ከቆመ ቀይ አብርቶ ይጮኻል። በሣጥኑ ሆድ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ከፋብሪካ ሲመጣም ባዶውን ነው። ሲነሳ የሚቆምበት፣ ትእዛዝ የሚቀመጥበት፣ ድምፅ የሚገባበት፣ የማዳመጫው ፕሮግራም የሚኖርበት ሁሉ ሰው ካላበጀለት የለውም። ይህን በሙያው ሩት ፋይል ሲስተም ይሉታል። ትርሲት ግን «ቤቱ» ነው የምትለው፤ ቤቱን መሥራት ደግሞ የእሷ ሥራ ነው።

ሌሎች ትልቅ የተዘጋጀ ቤት አምጥተው የማይፈልጉትን እየጣሉ ያሳንሱታል። እሷ እንዲያ አትሠራም። ከባዶ መሬት ትጀምራለች። አንዱን ታስገባለች፣ ትሞክራለች፤ ሌላውን ታስገባለች፣ ትሞክራለች፤ የማታውቀው አንድም ነገር በሩን አያልፍም። ካላስገባሁት አይከዳኝም፣ ትላለች። ክፉ ክፉውን ማሰብ ከልጅነቷ ያለባት ነው። ስልክ ሲጠራ ሞት፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ ነው የሚታያት፤ የሥራ ባልደረቦቿም «እትዬ ሟርት» እያሉ ይጠሯታል። ልጅ ከወለደች ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ናርዶስ ገና ጥርስ ያላወጣች፣ ራሷን ችላ መቀመጥ የጀመረች ልጅ ናት። አባቷ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤቱ ያለ ወንድ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ትርሲት በገዛ እጇ የሠራችውን የመጀመሪያውን ጠባቂ ከልጇ ራስጌ አስቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም መተኛት ችላ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ናርዶስን ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ትርሲት ሳምንቱን በሐኪም ቤትና በቤቷ መሃል ስትመላለስ አሳለፈችው። ልጅቷ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስትነድ ቆይታ ወደ ማታ ላይ ድንገት ቀዘቀዘች፤ ተኛችም። እሑድም ተኝታ ዋለች። ሐኪሙ በስልክ፣ ከትኩሳት በኋላ ልጆች እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ተያት ትረፍበት አላት። ጡት ስትሰጣት እንደ ነገሩ ይዛ ትለቃለች። ትርሲት ሰኞ ዕለት ጡቷ እንደ ተወጠረ፣ ልቧ ቤት እንደ ቀረ፣ ሥራ ገባች።

የመጀመሪያው ያልተለመደ ነገር፣ ባዶ መሆን የነበረባቸው ጠባቂዎች ባዶ አለመሆናቸው ነበር። ለማዋለጃ ክሊኒኩ የታዘዙት ሣጥኖች፣ ቤታቸውን ከእሷ እየጠበቁ ከነበሩበት ጠረጴዛ ተነስተው፣ ተገጣጥመውና ተዘግተው፣ «ዝምታው ክፍል» በሚሉት መፈተኛ፣ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል።

ሥራ አስኪያጁ አንዱዓለም ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ገባ። ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት።

«ናርዲ እንዴት ሆነች?»

«ትተኛለች። አንዱዓለም፣ እነዚህን ማን ጫነባቸው?»

«መጀመሪያ እንደምን አደርክ ይባላል።»

«ከየት ጫንክ? የኔ ቅጂ እኔ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ላፕቶፔ ደግሞ ቤት ነበር።»

«ከሚሠራው ገለበጥኩ፣» አለ። ለሙከራ ሰው ቤት ካስቀመጧቸው አንዱ ተመልሶ መጥቷል። አንድ ቀን እንኳ በሐሰት ያልጮኸ፣ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ካርዱን አውጥቶ፣ ያለውን እንዳለ ገልብጦ፣ በሁሉም ላይ ጫነው። «አንቺ ወር የሚፈጅብሽን እኔ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ይሠራል አይደል?»

«ሰው የኖረበትን ቤት ነው የገለበጥከው። ጠባቂው አብሮት የተኛውን ልጅ ትንፋሽ ይማራል፤ የተማረውንም ያስቀምጣል። የማናውቀውን ልጅ ትንፋሽ ነው በሁሉም ላይ ያተምክበት።»

«ታዲያ ትንፋሽ ትንፋሽ አይደል? የሀብታምና የድሃ አለው እንዴ?»

«ያገለገለ ቤት አይገለበጥም። ይህን ደግሞ ታውቃለህ፤ አብረን ነው የተማርነው።»

«አውቃለሁ። ረቡዕ እንደምናስረክብም አውቃለሁ፣» አለና የዳቦውን ፍርፋሪ ከሸሚዙ ላይ አራገፈ። «ሟርትሽን ከረቡዕ በኋላ አድርጊው፣ ትርስዬ።»

ብትናገር ትሰድበው ነበር። ተነስታ ወደ ዝምታው ክፍል ሄደች።

ዝምታው ክፍል ድሮ የእህል ማስቀመጫ ነበር። ግድግዳውና ጣሪያው በስፖንጅ ፍራሽ ተለብጧል፣ በሩም በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ጠባቂዎቹ የሚፈተኑት እዚያ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው ብርድ ልብሱን ሲመልሱት የወፍጮው ድምፅ እንደተቆረጠ ገመድ ይቀራል፤ ጆሮ የሚሰማው አጥቶ የራሱን ደም ማዳመጥ ይጀምራል። መስኮት የለውም። እዚያ የገባ ጠባቂ የሚያዳምጠው ትንፋሽ ስለሌለ ቀይ ማብራት፣ መጮኽም አለበት። ትርሲት ሁሉንም አንድ በአንድ አበራቻቸውና የሚመጣውን ጩኸት በመጠበቅ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች።

አልጮኹም። በጨለማው ውስጥ አንዱ አረንጓዴ በቀስታ ደመቀ፣ ቀጥሎም ሌላው፣ ከዚያ መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ፤ ደበዘዘ፤ እንደገና ደመቀ። ሁሉም አንድ ላይ ይስቡና አንድ ላይ ያስወጣሉ። መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ የሚያነቡ መሰላትና አፍንጫዋን ይዛ ትንፋሿን አቆመች። መብራቶቹ አላቆሙም። ረጅም፣ የተረጋጋ ትንፋሽ ነበር፤ በየመሃሉ ግን ይሰናከልና ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሳብ ሳብ ያደርጋል፣ አልቅሶ አልቅሶ ደክሞት የተኛ ሕፃን በእንቅልፉ እንደሚያደርገው። እናት የሆነ ሰው ያን ትንፋሽ ያውቀዋል። ልጁ ዝም ካለ በኋላም ሆድ የሚበላ እሱ ነው።

አንዱን ሣጥን ይዛ ወጣች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተችው። ማይክሮፎኑን ነቀለችው፤ አረንጓዴው መተንፈሱን ቀጠለ። የማዳመጫውን ፕሮግራም አስቆመችው፤ ቀጠለ። የተቀዳ ድምፅ ተደብቆ ይሆናል ብላ ቤቱን ጓዳ በጓዳ ፈተሸችው፤ ያገኘችው ሁሉ የራሷ እጅ ሥራ ነው። እሷ ካስገባችው በላይ አንዲት ነገር አልነበረችም። የተማረውን የሚያስቀምጥበት ቦታ እንኳ እንደ ተጠረገ ወለል ባዶ ነበር። ባዶ ቤት ነው፣ ግን ሰው ይተነፍስበታል። ይህን ስታስብ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነበር፣ የገዛ ቤቷ ውስጥ ሳትፈቅድ የገባ ሰው እንዳገኘች ዓይነት ንዴት። ጎንበስ ስትል ከተከፈተው ሣጥን፣ ከፕላስቲኩና ከብየዳው ሽታ ሥር፣ የኮመጠጠ ወተትና ያላበው የሕፃን ራስ ሽታ ሽው አላት።

ላፕቶፗን አወጣች። ራሷ ከባዶ የሠራችውን ንጹሑን ቅጂ ጫነችበትና ማይክሮፎኑን መልሳ ወደ ዝምታው ክፍል ይዛው ገባች። ስታበራው ቀይ ሆነና ጆሮ እስኪበጣ ጮኸ፤ ትክክል ነው። ደስ አላት። ያስቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሮጌው ቅጂ ጠፍቶ አዲሱ ከመግባቱ በፊት፣ ለማስጮኺያ ብቻ ከተሠራችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ ሊያለቅስ አየር እንደሳበ ልጅ ዓይነት ድምፅ ሰምታለች፤ ልቅሶው ግን አልተከተለም። በዙሪያዋ ያሉት አረንጓዴዎች እንደ ተረጋጉ ይተነፍሱ ነበር። የቀዩን ጩኸት አንዳቸውም አልሰሙትም።

ቤት ደወለች። ናርዶስን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ እትዬ ድንቄ አነሳች።

«ደህና ናት። ተኝታለች።»

«አይተሻታል?»

«መብራቱን እያየሁት ነው። አረንጓዴ ነው። ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ።»

ከምሳ በኋላ ዘበኛው ጋሽ ቱሉ በሩን ገፋ አድርጎ፣ ሰው ይፈልግሻል፣ ሣጥኑን የምትሠራዋን ጥሩልኝ ትላለች አላት። ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከረጢት የተሸከሙ ሰዎች በሚተላለፉበት መሃል፣ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ቆማ ነበር። ዱቄቱ ጥቁር ነጠላዋ ላይ እያረፈ ነጭ አድርጓታል፤ እሷ ግን አታራግፈውም።

«አያንቱ እባላለሁ፣» አለች። «ጠባቂውን መልሱልኝ።»

«የቱን ጠባቂ፣ እህቴ?»

«የሮባን። የልጄን። ባሌ ነው ያመጣላችሁ፣ ሳይነግረኝ። ገበያ ሄጄ ስመለስ የለም።»

ትርሲት ነጠላውን አየችው። ሳትጠይቅ ገባት፤ ክፉውን መገመት ለእሷ ሥራ አይደለም። «ሮባ... መቼ ነው?»

«ያን ቀን ነዋ። የወሰደው ቀን።»

«ጠባቂው አልጮኸም?»

«ለምን ይጮኻል?» አያንቱ እንደማይረባ ጥያቄ አየችው። «እሱ እስካለ ድረስ ልጄ ደህና ነበር። ዝም ብሎ ይተኛል። ባሌ ነው እንጂ፣ ይሄ ልጅ አይበላም፣ አያለቅስም፣ ለምንድን ነው የማይነቃው እያለ ሰላም የነሳኝ። ሐኪም ቤት ልውሰደው ብሎ ሣጥኑን ነቀለው።» ድምፅዋ አልተሰበረም። ሴትዮዋ ቀድማ አልቅሳ ጨርሳለች። «መልሱልኝና ከመቃብሩ ራስጌ ላስቀምጠው።»

ትርሲት ክንዷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ አልቀመጥም አለች። ውሃ አስመጣችላት፣ አልጠጣችም። የሰማችውን ለራሷ የተረጎመችው፣ ማሽን የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚተረጉመው ነበር፤ ጠባቂው ተበላሽቷል፤ ልጁ ከሞተ በኋላ፣ ማን ያውቃል ስንት ቀን፣ አረንጓዴ እያበራ እናቲቱን አታሏታል፤ ምስኪኗ በሐዘን አእምሮዋ ተነክቶ ነገሩን ገልብጣ ትናገራለች። አንዱዓለምም «አንድ ቀን እንኳ አልጮኸም» ብሎ የመረጠው ይህንኑ ነው። የሞተ ልጅ ራስጌ ዝም ያለውን።

የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ ገባች። አንዱዓለም ስልክ ይዞ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

«የገለበጥከው ከሞተ ልጅ ራስጌ የመጣውን ነው፣» አለችው።

«ምን?»

«እናትየው በር ላይ ናት። ልጇ ሞቶ እያለ አረንጓዴ ሲያበራላት ነበር። ስለማይጮኽ ነው ጎበዝ ያልከው? ቀይ ማብራት ስለማይችል? ዝምታው ክፍል ግባና እይ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሲተነፍሱ ታያለህ። ረቡዕ እነዚህን ክሊኒክ ስትወስድ፣ የአንዷ ልጅ ትንፋሹ ቢቆም፣ አረንጓዴ መብራት እያየች እያለ እጇ ላይ ይቀዘቅዝባታል። ያኔም ይሠራል አይደል ትላታለህ?»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ፣ ግን እልሁ አልጠፋም። «ድምፅሽን ቀንሺ። ዘበኛው ይሰማል።»

«ይስማ።»

«እሺ፣ ይስተካከላል። ከረቡዕ...»

«አሁን። ንጹሑን ቅጂ ቅድም ከላፕቶፔ ማሽንህ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ያንተን የይለፍ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። በመደርደሪያው ላይ ላሉትም፣ በሰው ቤት ላሉትም ላከው።»

አንዱዓለም አገጩን አከከ። ውጭ ያሉትን ስትጠቅስ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሸሸ።

«ውጭ ላሉትም ልከሃል እንዴ ይሄንን?» አለችው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ ብዬ ነው። ቅዳሜ ማታ በኢንተርኔት ለቀቅኩት።»

«ለኔም ቤት?»

«ያንቺ ከሰው ይለያል?»

ቅዳሜ ማታ የሚለው ቃል የሆነ ቦታ ወደ ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ፤ ንዴቷ ግን እንድታየው አልፈቀደላትም። ሌባ አለችው። ልጅህን ሲነኩብህ ያሳየኝ አለችው። በሕይወቷ ለሰው ተናግራው የማታውቀውን ሁሉ ተናገረችው፤ ድምፅዋ ወፍጮውን በልጦ ወጣ፤ ጋሽ ቱሉም ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ፣ ይህ ሰው እንኳን ዛሬ ከረቡዕም በኋላ አይልከውም፣ ብላ እርግጠኛ ነበረች። አያንቱ ከበሩ ሄዳለች፤ የቆመችበት ቦታ ላይ ዱቄቱ የሁለት እግር ቅርጽ ትቶ ዙሪያውን ነጭ አድርጎታል።

ባጃጁ በጉድጓዱ ሁሉ እየዘለለ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ አሰበች። እደርሳለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ካርዱን አውጥቼ እሰብረዋለሁ፣ ዛሬ ራሴ ከልጄ ጎን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የግቢው ሕፃናት ጎማ ያሽከረክራሉ፤ ከሁሉም ቤት ሬዲዮና የሰሐን ድምፅ ይሰማል። የእሷ ቤት ብቻ ጸጥ ብሏል። እትዬ ድንቄ ሳሎን ውስጥ ሹራብ እየሠራች ነው።

«መጣሽ? ምን የመሰለች ልጅ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን አላሰማችኝም።»

«ጡጦ ያዘች?»

«አልነቃችምና። ጨርቋንም ለመቀየር ነካ አድርጌ ነበር፤ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለች ንጹሕ ልጅ አይቼም አላውቅ።»

«ሐኪም ቤት ለምን...» ብላ ተወችው። ሴትዮዋን መቆጣት ጊዜ ማጥፋት ነው። «በቃ ሂጂ እትዬ፣ እኔ አለሁ፣» አለቻትና ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

መጋረጃው ተዘግቷል። ገና ሳይመሽ ክፍሉ በጨለማ ተሞልቷል፣ ከአልጋው ራስጌ ያለው አረንጓዴ እየደመቀና እየደበዘዘ የናርዶስን ጉንጭ በየተራ ያሳያታል፣ ይሰውርባታል። ያው ረጅም ትንፋሽ ነው። ያው መሰናከል፣ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ። ልጄ ዛሬ አላለቀሰችም፣ ብላ አሰበች። ያላለቀሰች ልጅ ለምን ትንሰቀሰቃለች? መዳፏን የልጇ ደረት ላይ አኖረች። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እፎይ ልትል ነበር፤ ግን የልጅቷ ገላ ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ በተሞላ እንስራ ሥር እንዳለ አፈር ዓይነት ቅዝቃዜ፣ ሽታዋም የእሷ ልጅ ሽታ አይደለም።

አጎንብሳ፣ ዓይኗን ከመብራቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ መብራቱ እያመላለሰች፣ ለረጅም ጊዜ አየች። የሆነ ነገር ትክክል አይደለም፤ ምን እንደሆነ ለመያዝ ግን ጊዜ ወሰደባት። እሷ በሠራችው ቤት ውስጥ መጀመሪያ ልጅ ይተነፍሳል፣ ከዚያ መብራት ይከተላል። እዚህ መብራቱ ቀድሞ ይደምቃል። ከዚያ፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ዘግይቶ፣ ደረቱ ይነሳል።

ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችው ንዴት አንድ ላይ ወደ እጇ መጣ። «ውጣልኝ፣» አለችው ማንን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ማጥፊያውንም ተጫነችው።

ክፍሉ ጨለመ። መዳፏ ሥር ያለው ደረት ወረደ። እስኪነሳ ጠበቀች። አልተነሳም። በስሟ ጠራቻት። አንስታ ታቀፈቻት፣ ወዘወዘቻት፣ አፏን አፏ ላይ ገጥማ እፍ አለችባት፤ የልጅቷ ራስ በክንዷ ላይ እንደ ተጣለ ልብስ ተንጠለጠለ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር ሲመጣ ጩኸት ይኖረዋል ብላ ታስብ ነበር። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ውጭ ሕፃናቱ ጎማቸውን ይዘው እየሳቁ አለፉ። በግራ እጇ ልጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ በቀኝ እጇ እየዳበሰች፣ ማብሪያውን ፈልጋ ተጫነችው።

አረንጓዴው በቀስታ ደመቀ። ደረቷ ላይ የተጣበቀው ትንሽ ደረት ተነሳ። ወረደ። እንደገና ተነሳ፣ ከዚያም በእንቅልፉ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በኋላ የፈለገችው ነገር አጭር ነበር፤ ማንም ምንም እንዳይነካ። ያችን ቅዝቃዜ በነጠላዋ ሸፍና፣ ወደ ሣጥኑ ይበልጥ ተጠግታ፣ በጣም እየተጠነቀቀች ስልኳን አወጣች። አንዱዓለም ወዲያው አነሳው።

«አንዱዬ፣» አለችው። እንዲህ ብላው አታውቅም። «እባክህ፣ ቅድም ያልኩህን...»

«ቆይ፣ ሳትቀጥዪ እኔ ልናገር። ከሄድሽ በኋላ ዝምታው ክፍል ገባሁ። አየሁት፣ ትርሲት። እውነትሽን ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ረቡዕንም ሰረዝኩት። ንጹሑን ለሁሉም ለቅቄዋለሁ፣ ሰው ቤት ላሉትም፤ አሁን በየተራ ራሳቸው ጠፍተው እየተነሱ ነው። በይ አትናደጂ፤ ልጅሽን ሳሚልኝ።»

ለመመለስ አፏን ስትከፍት አረንጓዴው አንድ ጊዜ ደመቀ፣ ደበዘዘ፣ ከዚያም አዲሱን ሊቀበል በጸጥታ ጠፋ።